ከሩቅ የሚታይ እሳት፤ የተሸለሙ የሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት ታሪክና የእኛ ድርሻ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ እትም ስለ አንድ የሰው እጅ ሥራ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ባልደረቦቼ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንደምጽፍ ሳይገምቱ አልቀሩም። እኔ የመረጥሁት ግን ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ፣ ሕፃን በእጁ ሊያነሣው የሚችል ነገር ነው፤ ይኸውም ለሕፃናት የሚዘጋጅ ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። ነገሩ ከሙያችን የራቀ ይመስላል። ዳሩ ግን ሥዕላዊ መጽሐፍ እንደ ድልድይ ሁሉ ነዳፊው፣ ቁሳቁሱ፣ መሣሪያው፣ ገንዘቡና ተሻጋሪው ሕዝብ ካልተገናኙለት በቀር የማይቆም ሥራ መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የተወለድሁትና ያደግሁት በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ሳለሁ፣ መምህር በነበረው አጎቴ ቤት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ባለ ቀለም መጽሐፍ አገኘሁ። በደርግ ዘመን በሞስኮ በአማርኛ እየታተሙ ወደ አገራችን ይመጡ ከነበሩት መጻሕፍት አንዱ ነበር። በአንደኛው ገጽ ላይ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሕፃን በነጭ መስክ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍም ልጁ በበረዶ እንደሚጫወት ይናገራል። እኔ የማውቀው በረዶ ግን ሌላ ነው። በእኛ ደጋ በረዶ ማለት በክረምት ከሰማይ እየተወረወረ የገብሱን ዛላ የሚያራግፍ፣ ባቄላውን መሬት ላይ የሚያስተኛ፣ እረኛውን ከዋሻ የሚያስገባ ነገር ነው። «ልጁ ከበረዶ መሸሽ ሲገባው ስለ ምን ይስቃል?» ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት። አጎቴም መልስ ሳይሰጠኝ ጣቱን በሥዕሉ ላይ አኖረ። ደኅና አድርጌ ስመለከት በረዶው እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ መሬቱን አልብሶታል፤ የልጁም እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጥሞበታል። በተለምዶ ለሁለቱም አንዱን ቃል ስለምንጠቀም ጽሑፉ ብቻውን ሊያስረዳኝ ያልቻለውን ነገር፣ ሥዕሉ በአንድ አፍታ አስረዳኝ።

ካደግሁ በኋላ ያ ትዝታ ወደ አንድ ጥያቄ ተለወጠ። የሞስኮው ልጅ በረዶ መካነ ሰላም ድረስ ሲመጣ፣ የመካነ ሰላም ልጅ ገብስ በባለ ቀለም መጽሐፍ ላይ ሳይታይ የቀረው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሠዓሊና ደራሲ ስለሌለን ነው» ወይም «ሕዝባችን የማንበብ ልማድ ስለሌለው ነው» የሚል ነው። የተሸለሙት መጻሕፍት ታሪክ የሚያስተምረው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በቅድሚያ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ሉክ ወረቀት የሚወጣው መጽሐፍ

ለሕፃናት ታስበው ከተዘጋጁት ሥዕላዊ መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ የሚቆጠረው፣ የሞራቪያው መምህር ዮሐን አሞስ ኮሜንዮስ በ1658 በኑረምበርግ ከተማ ያሳተመው የዓለም ዕቃዎች ሁሉ በሥዕል የታዩበት መጽሐፍ ነው። ኮሜንዮስ እያንዳንዱን ነገር በእንጨት ቅርጽ ሥዕል አሳትሞ፣ በሥዕሉ ላይ ቍጥር እያኖረ፣ በላቲንና በጀርመንኛ ስሙን ከጎኑ ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሕፃን በዓይኑ ያላየውን ነገር ስሙን ቢሸመድደው ዕውቀት ሊሆነው አይችልም የሚል ነው። አጎቴ ጣቱን በሥዕሉ ላይ ባኖረ ጊዜ ሳያውቀው የኮሜንዮስን ትምህርት ይፈጽም ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቀለም ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። ሥዕሉን በእጅ ማቅለም ውድ ነው፤ በርካሽ ማተም ደግሞ ሥዕሉን ያበላሻል። ይህን ችግር በአብዛኛው የፈታው ኤድመንድ ኢቫንስ የተባለ የለንደን ቅርጽ አውጪና አታሚ ነው። ለየቀለሙ የተለየ የእንጨት ቅርጽ እያዘጋጀ፣ አንዱን ቀለም በሌላው ላይ በትክክል እያሳረፈ ያትም ነበር። ራንዶልፍ ካልዴኮት የተባለውን ሠዓሊም ሥራ አስጀመረው። ካልዴኮት ቀደም ሲል የባንክ ጸሐፊ ነበር። ከ1878 እስከ 1885 ድረስ በየዓመቱ ለገና በዓል ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 16 መጻሕፍት አወጣ፤ ዋጋቸውም አንድ አንድ ሺሊንግ ነበር። የካልዴኮት ብልሃት ጽሑፉ የተናገረውን በሥዕል መድገም አልነበረም። ጽሑፉ ዝም ባለበት ሥዕሉ ይናገራል፤ ሥዕሉ ዝም ባለበት ደግሞ ጽሑፉ ይቀጥላል። በ1886 በ39 ዓመቱ ሲሞት፣ ከእርሱ በኋላ ለሚነሡት ሠዓልያን መንገዱን አደላድሎ ነበር።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። የዘመኑን የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ገጾች ብንቆጥር አብዛኛውን ጊዜ 32 እናገኛለን። ይህ ቍጥር ከደራሲ ምርጫ የመጣ አይደለም። አንድ ትልቅ ሉክ ወረቀት በግራና በቀኝ ታትሞ አራት ጊዜ ቢታጠፍ 16 ቅጠል፣ ማለትም 32 ገጽ ይወጣዋል። እንግዲህ ሠዓሊው ታሪኩን የሚነድፈው በወረቀቱና በማተሚያው ልክ ነው። የርዕሱና የአሳታሚው ገጾች ሲቀነሱ፣ ለታሪኩ የሚቀሩት ፊት ለፊት የሚተያዩ ገጾች ከ12 እስከ 14 ጥንድ ያህል ናቸው። ደራሲው በዚያች ጠባብ ቦታ ሙሉ ዓለም መገንባት ይኖርበታል።

የሽልማት አነሣሥና ምሥጢሩ

በአሜሪካ የመጻሕፍት ነጋዴዎችን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው ፍሬደሪክ ሜልቸር፣ በዓመቱ ለታተመ ምርጥ የልጆች ጽሑፍ የኒውበሪ ሜዳልያ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ሽልማቱ በ1922 ተጀመረ። ኋላም ሠዓልያኑ እንደ ተረሱ ስለ ተመለከተ፣ በ1937 በካልዴኮት ስም ሁለተኛ ሜዳልያ እንዲቋቋም አደረገ። የመጀመሪያው የካልዴኮት ሜዳልያ በ1938 የመጽሐፍ ቅዱስን እንስሳት በሥዕል ላቀረበችው ለዶሮቲ ላትሮፕ ተሰጠ። ሁለቱንም ሽልማቶች የሚሰጠው የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ፤ ሸላሚው በየከተማው ለሕፃናት መጽሐፍ የሚገዙና የሚያውሱ ሠራተኞች ማኅበር ነው።

በእንግሊዝ አገርም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ማኅበር በኬት ግሪናዌይ ስም ይጠራ የነበረውን ሜዳልያ በ1955 አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ተሸላሚ በ1956 በታተመ መጽሐፉ ኤድዋርድ አርዲዞን ሆነ። በጀርመን ደግሞ ከናዚዎች ሸሽታ በለንደን ትኖር የነበረችው የላ ሌፕማን ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ፣ በ1949 በሙኒክ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ከፈተች። እርሷ በ1953 ካቋቋመችው ዓለም አቀፍ የልጆች መጻሕፍት ቦርድ የወጣው የሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ከ1956 ጀምሮ ለደራስያን፣ ከ1966 ጀምሮ ለሠዓልያን ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሠዓሊ የስዊስ ተወላጅ አሎይስ ካሪዥየ ነበር። በ1967 በብራቲስላቫ ከተማ የልጆች መጻሕፍት ሥዕል ዓለም አቀፍ ትርኢት ተጀመረ። በ1976 ደግሞ የአንደርሰን ሽልማት ለሞስኮዋ ሠዓሊት ለታትያና ማቭሪና ተሰጠ። ስለዚህ በልጅነቴ ያየኋት ያቺ የተገነጠለች መጽሐፍ፣ ዓለም ያከበረው የሥዕል ትምህርት ቤት ፍሬ ነበረች ማለት ነው።

ታዲያ ሽልማት ለመጽሐፍ ምን ይጠቅመዋል? ክብርና ሜዳልያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ ነበር። ምሥጢሩ ያለው በኅትመት ወጪ ላይ ነው። ባለ ቀለም ሥዕል በኦፍሴት ሲታተም ውሃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ተብሎ በአራት ይለያል፤ ለእያንዳንዱም የተለየ ፕሌት ይዘጋጃል። ለሠዓሊው የሚከፈለው፣ ቀለም ለመለየት፣ ፕሌት ለማውጣትና መኪናውን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ፣ አንድ ሺህ ቅጂ ቢታተምም ሃያ ሺህ ቢታተም ያው ነው። ለምሳሌ ያህል ቋሚው ወጪ 200,000 ብር፣ ለአንድ ቅጂ የሚፈጀው ወረቀትና ቀለም 40 ብር ነው ብለን እንገምት። 1,000 ቅጂ ብናትም አንዱ መጽሐፍ 240 ብር ያስወጣናል፤ 20,000 ብናትም ግን 50 ብር ብቻ። እንግዲህ ሽልማት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። በየከተማው ያሉ ቤተ መጻሕፍት ሜዳልያ የተለጠፈበትን መጽሐፍ ሳያመነቱ ይገዛሉ፤ አሳታሚው በብዛት ለማሳተም ይደፍራል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ መጽሐፉም ለብዙ ዓመት ከገበያ ሳይጠፋ ይቆያል። ሠዓሊውም በሚያገኘው ገንዘብ የሚቀጥለውን ሥራ ይጀምራል። ሽልማት በሠዓሊ፣ በማተሚያ ቤትና በቤተ መጻሕፍት መካከል የተዘረጋ ሰንሰለት የሚንቀሳቀስበት ኀይል ነው።

የማን ፊት ተሣለ?

ይህ ሰንሰለት ግን የሚጎትተው የተጫነበትን ብቻ ነው። በ1965 ናንሲ ላሪክ የተባለች የንባብ ትምህርት ባለሙያ፣ ከ1962 እስከ 1964 በአሜሪካ የታተሙ 5,206 የልጆች መጻሕፍት አስመርምራ፣ በሥዕልም ሆነ በጽሑፍ አንድ እንኳ ጥቁር አሜሪካዊ የታየባቸው 349 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 6.7 መሆናቸውን አስታወቀች። ሜዳልያው ከተጀመረ ሩብ ምዕት ዓመት አልፎ እንኳ የብዙ ሕፃናት ፊት በመጻሕፍቱ ላይ አልነበረም።

በዚሁ ጊዜ ግን አንድ መጽሐፍ በሩን ገፋ አድርጎ ከፍቶት ነበር። ኤዝራ ጃክ ኪትስ የተባለው የኒውዮርክ ሠዓሊ በ1940 ከአንድ መጽሔት ላይ የአንድ ጥቁር ሕፃን ፎቶግራፎች ቈርጦ ከሃያ ዓመት በላይ በሥራ ክፍሉ አቈይቷቸዋል። በ1962 ያን ሕፃን መነሻ አድርጎ፣ ቀይ ልብስ ለብሶ በበረዶ ሲጫወት የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1963ም የካልዴኮትን ሜዳልያ አገኘ። ጥቁር ሕፃን ዋና ባለ ታሪክ የሆነበት መጽሐፍ ይህን ሜዳልያ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ሽልማቱ ምን ያህል ዕድሜ እንደ ሰጠው ለመረዳት አንድ ቍጥር ይበቃል፤ የኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020 የ125 ዓመት መዝገቡን ሲመረምር፣ ከሁሉ መጻሕፍት ይልቅ ብዙ ጊዜ ተውሶ የተነበበው ይኸው የበረዶው ቀን መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ፤ የተዋሱትም 485,583 ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ አፍሪካም ወደ መጻሕፍቱ መግባት ጀመረች። ቶም ፊሊንግስ በስዋሂሊ ቍጥሮችና ፊደላት ላይ በሣላቸው ሁለት መጻሕፍት በ1972 እና በ1975 የካልዴኮትን የክብር ምስክርነት አገኘ። ሊዮና ዳያን ዲለን የተባሉት ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ የምዕራብ አፍሪካ ተረትና በአፍሪካ ሕዝቦች ባህል ላይ በሣሏቸው ሥራዎች በ1976 እና በ1977 ሜዳልያውን በተከታታይ ወሰዱ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ በአሜሪካ ተሥለው በአሜሪካ የታተሙ ናቸው። አፍሪካዊ ሠዓሊ በአፍሪካ የሠራው መጽሐፍ የተከበረበት ትልቁ አጋጣሚ፣ ጃፓናዊው አሳታሚ ሾይቺ ኖማ በ1979 ባቋቋመው የአፍሪካ ኅትመት ሽልማት የመጣው ነው። ጋናዊው ሜሻክ አሳሬ የነሐስ ሠሪዎችን ሕይወት በሚተርከው መጽሐፉ በ1982 ይህን ሽልማት አገኘ። አሳሬ የአገሩን ልጆች በአገራቸው መንደር፣ በአገራቸው ዕቃ መካከል ሥሎ አሳያቸው። የኖማ ሽልማት በ2009 ቢቋረጥም፣ አሳሬ በ2015 ደግሞ በኖይሽታት ስም የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብሏል።

ሥዕል ማንበብ ለእኛ አዲስ አይደለም

ከጋና ወደ አገራችን ስንመለስ፣ «ሕዝባችን ሥዕላዊ መጽሐፍ አያውቅም» የሚለውን አባባል መመርመር ይገባናል። ዛሬ ምዕራባዊ ደቡብ ወሎ የምንለው፣ በዓባይና በበሽሎ መካከል ያለው ደጋ፣ በመካከለኛው ዘመን አማራ ይባል የነበረው ግዛት ዋና ክፍል ነው። ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩበት፣ ጥንታዊት ተድባበ ማርያም እስከ ዛሬ ያለችበት አገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ አንድ ታሪክ ጽፎልናል። ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት። በአውሮፓ የተለመደ አሣሣል ነው፤ በእኛ አገር ግን ቀኝ የክብር፣ ግራ የንቀት ወገን ስለ ሆነ ሕዝቡ ተቈጥቶ ትልቅ ሁከት ተነሣ ይላል። ለክንድ አቀማመጥ ይህን ያህል የሚከራከር ሕዝብ ሥዕል ማንበብ የማያውቅ ሕዝብ ሊባል አይችልም።

ከዚህም በላይ በሀያኛው ምዕት ዓመት በአዲስ አበባ በሰፊው ይሣልና ይሸጥ የነበረውን የንግሥት ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ሥዕል እናስታውስ። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ44 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ ይቀመጣል፤ በየክፍሉም አጭር ጽሑፍ አለ። እኔ በመሐንዲስ ዓይን ስመለከተው ይህ ያልታጠፈ ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ቅደም ተከተል፣ ሁሉም አለ፤ የጎደለው የሚያጥፈው፣ የሚጠርዘውና ለሕፃን እጅ የሚያደርሰው ነው።

ማተሚያ ቤትም ቢሆን አላጣንም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ሽልማትም ነበረን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በ1964 የመጀመሪያውን የሥነ ጥበብ ሽልማት ለአፈወርቅ ተክሌ፣ በ1965 ለገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በ1967 ለእስክንድር በጎስያን ሰጥቷል፤ ከዘርፎቹ መካከል ግን የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ የሚባል አልነበረም። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስተማረ፤ በማግሥቱ ዓመትም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት ለአገራችን አስገኘ። ስለዚህ ሕዝብን ፊደል በማስቈጠር ተሸልመናል፤ ፊደል የቈጠረው ገበሬ ማታ ከልጁ ጋር የሚያየውን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ግን በብዛት አላዘጋጀንም። ተረቱን ለትውልድ ያቆዩልን አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለ42 ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ልጆችን አስተማሩ፤ ቴሌቪዥን ያልገባበት የገጠር ቤት ግን ከዚያ ማዕድ ሩቅ ነበር።

ሄዶ የተመለሰው ተረት

የሰንሰለቱን መኖርና መጥፋት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን የአንድ ተረታችን ጉዞ ነው። አንድ ድሀ አገልጋይ ሌሊቱን ሙሉ በብርዳም ተራራ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ቢያድር መሬትና ከብት ሊሰጠው ሀብታም ጌታው ተወራረደ። አገልጋዩ በማዶው ተራራ ላይ ሰው ያነደደለትን እሳት እየተመለከተ ሌሊቱን አሳለፈ። ሀብታሙ «እሳት አይተሃልና ተሸንፈሃል» ብሎ ካደ፤ ዳኛውም ፈረደለት። ከዚያ አንድ ብልህ ሰው እነርሱን ግብዣ ጠርቶ፣ የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተታቸው ምግቡን ከለከላቸው። ሽታ የማያጠግብ ከሆነ ከሩቅ የታየ እሳትም አያሞቅም ብሎ ፍርዱን አስገለበጠ።

ይህን ተረት ሃሮልድ ኮርላንደርና የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ወልፍ ሌስላው በ1950 በአሜሪካ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ አወጡት፤ የመጽሐፉም ስም ከዚሁ ተረት የተወሰደ ነው። በልጅነቷ በማጂ ያደገችው ጄን ከርዝ በ1994 ተረቱን እንደገና ጻፈችው፤ ኢ. ቢ. ሉዊስ በውሃ ቀለም ሣለው። ባለ ታሪኩ አሁን ዓለማየሁ የሚባል ልጅ ነው። ለሠዓሊው ከመጀመሪያዎቹ የሕፃናት መጻሕፍት ሥራዎቹ አንዱ ይህ ነበር፤ እርሱም በ2005 የካልዴኮትን የክብር ምስክርነት ለማግኘት በቃ።

መጽሐፉ ሳን ፍራንሲስኮ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠራ ለነበረው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ለዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እጅ ደረሰ። ዮሐንስ የተወለደው በነገሌ ቦረና ነው፤ ከእኛው ቦረና ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ሌላ ቦረና መሆኑ ነው። ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያድል፣ ለአገሩ ልጆች በአማርኛ የሚሰጠው አጣ። ስለዚህ የቂሉን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ቦጋለ በላቸው በቀለም ሣለው፤ በ2002ም ታተመ። በዚያው ዓመት ዮሐንስ ከሳን ፍራንሲስኮ ባገኘው 15,000 መጻሕፍት ተጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 2003 በአዲስ አበባ በሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ እየተጫኑ ወደ ልጆች መሄድ ጀመሩ። በ2008 አንድ ዓለም አቀፍ የቴሌቪዥን ጣቢያ በዓመቱ ካከበራቸው አሥር ሰዎች መካከል ቈጠረው።

እንግዲህ ተረቱ ከዚህ ወጥቶ በባዕድ አገር ተሥሎ፣ የአንድ ስደተኛ ልብ ነክቶ፣ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተመለሰ። በአገር ውስጥም አንዳንድ ቀለበቶች እየተጨመሩ ነው። ሆሄ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር የልጆች መጽሐፍን ራሱን የቻለ ዘርፍ አደረገው። በ2022 በአዲስ አበባ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች ክፍል አለው። በአሁኑ ጊዜ የመጣው የዲጂታል ኅትመት ደግሞ ፕሌት ስለማይጠይቅ ጥቂት መቶ ቅጂ ለማተም ያስችላል፤ ይህም ቀደም ሲል ያሰላነውን ቋሚ ወጪ በብዙ ይቀንሰዋል።

ለእኛ የቀረው ሥራ

ይህን ጽሑፍ በምጀምርበት ጊዜ መካነ ሰላም ወላጆቼን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ባልደረቦቼ እንደሚያውቁት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የስምንት ዓመት ልጅ የሆነችው የእኅቴ ልጅ ከክፍል ከወጣች ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ፊደሉን ቈጥራ ጨርሳለች፤ የምታነበው ግን በቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሁለት የመማሪያ መጻሕፍት በቀር የለም፤ እነርሱንም በቃሏ ይዛቸዋለች። ትምህርት ቤት በተዘጋበት አገር መጽሐፍ የትምህርት ቤት ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። በር ተዘግቶም ሊሠራ የሚችል ትምህርት ቤት እርሱ ብቻ ነው።

አንድ ትልቅ ወረቀት አመጣሁና ሦስት ጊዜ አጥፌ፣ ጫፉን ቈርጬ፣ በመርፌና በክር ሰፋሁላት፤ 16 ገጽ ሆነ። «የፈለግሽውን ሣይበት» አልኋት። ከደንቆሮ ጫካ ወርደው ገብስ የሚበሉትን ጭላዳዎች ሣለች፤ አያቷ ወንጭፍ ይዘው ሲያባርሯቸው ሣለች፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ አንዱ ጭላዳ የአያቷን ባርኔጣ ወስዶ ደፍቶታል። ጽሑፉን የጻፈችው በአንድ ገጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስለ ባርኔጣው ግን ምንም አልጻፈችም። «ስለ ባርኔጣው ለምን አልጻፍሽም?» ስላት «ይታያል እኮ፣ አጎቴ!» አለችኝ። ካልዴኮት ያስተማረውን ነገር ማንም ሳይነግራት ታውቀው ነበር።

ስለሆነም ለማኅበራችን አባላት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሠዓሊ አለ፤ ተረት አለ፤ ማተሚያ አለ፤ አንባቢውም በየቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። የጎደለው የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ለመግዛት አስቀድሞ ቃል የሚገባ አካል ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ባለ 32 ገጽ ሥዕላዊ መጽሐፍ በውድድር ቢመርጥ፣ ለሠዓሊውና ለደራሲው ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል፣ ከታተመው ውስጥ የተወሰነውን ራሱ ገዝቶ አባሎቻችን ለሥራ በሚሄዱባቸው ወረዳዎች ሁሉ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለጤና ጣቢያ ቢያድል፣ ሽልማት ማለት በሌላው ዓለም ምን እንደ ሆነ በተግባር እናሳያለን። ለመንገድ ሥራ ወደ ወረዳ የሚወጣ መኪናችን አንድ ካርቶን መጽሐፍ ለመጫን ቦታ አያጣም።

ወደ ተረቱ ልመለስና ላብቃ። የሀብታሙን ክርክር በሙያችን ሕግ ብንመዝነው አይቆምም፤ የእሳት ሙቀት በርቀቱ ካሬ ልክ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በማዶው ተራራ የሚነደው እሳት በወዲህኛው ላይ ላለው ሰው የሚሰጠው ሙቀት ከምንም አይቈጠርም። አገልጋዩን ያቈየው «አንድ ሰው ለእኔ ሲል ነቅቶ እንጨት ይጨምራል» የሚለው ሐሳብ ነው። በሞስኮ የታተመችው ያቺ የተገነጠለች መጽሐፍ ለእኔ እንደዚያ እሳት ነበረች። የእኅቴ ልጅ ግን እሳቱን ከሩቅ እያየች እንድታድር አልፈልግም። የሰፋሁላት 16 ገጽ በጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ የቀሩት 16 ገጾች ደግሞ እስካሁን ባዶ ናቸው።